ከስሟ ጎን ያለችው ሰረዝ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 9፣ 2020

እሰይ እሰይ! ዛሬ ቁልፍ ተረከብኩ። የብረት አይደለም፣ ፓስወርድ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖ ጎዳና ላይ ባለ ሆቴል የሰው ክፍል ሳጸዳ የኖርኩት እኔ ደመቀች፣ በሃምሳ አንድ ዓመቴ የሰርቨር ጠባቂ ሆንኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ ያልመጣልኝ እኔ! ማርች ላይ ሆቴሉ ተዘግቶ ሁላችንንም ሲያሰናብቱን፣ ሰው ሁሉ ሶፋው ላይ ሲተክዝ እኔ በኢንተርኔት የሚሰጥ የስድስት ወር ኮርስ ገባሁ። የመጀመሪያ ቀን ያንን ጥቁር ስክሪን ሳየው ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼው ነበር።

ይህ ደብተር የኮርሱ ነው፤ ግማሹ ባዶ ቀርቷል። የማወራው ሰው ባጣሁ ሰዓት እሱን እሞላለሁ።

ድርጅቱ የአቶ ዘውዴ ነው። በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ሃያ ምናምን ዓመት ታክሲ ነድተው፣ አሁን ሠላሳ አንድ ቫንና ሰመርሊን፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው። ቫኖቹ በሽተኛ ያመላልሳሉ፤ ይበልጡን ኩላሊታቸውን የሚታጠቡትን። ቢሮው ቻይናታውን፣ ከአንድ የኑድል ቤት ጀርባ ነው። በኮሮናው ምክንያት ግን ቢሮ የሚገባ የለም። አሥራ አራቱም ዲስፓቸሮች ከየቤታቸው ሰርቨሩ ውስጥ እየገቡ ስልክ ይቀበላሉ፣ በሽተኛውን ከነሰዓቱ ይመዘግባሉ። ሰርቨሩ ደግሞ በዚህ አገር ሰዓት ጠዋት አራት ላይ የዕለቱን ዝርዝር ለየሾፌሩ ስልክ ይልካል። ዝርዝር ካልሄደ ቫን አይንቀሳቀስም።

ይህን ሁሉ የሠራችው ሳምራዊት ናት። ሲያትል ሌላ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ ሲቸግረኝ በስልክ ትረዳኛለች። ሙከራዬ ሦስት ወር ነው፣ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ።

የደስታዬ ደስታ ደግሞ ብርቅታይት ከዲስፓቸሮቹ አንዷ መሆኗ! ብርቄ ማለት እኮ በአንድ ዓመት በዲቪ መጥተን፣ በአንድ ሆቴል፣ በአንድ ፎቅ የሠራን ናት። እናቴ ያረፈች ጊዜ እኔ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ተደብቄ ሳለቅስ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ የኔንም ክፍሎች ደርባ አጽድታ በኔ ስም ትፈርም ነበር። በቀን ሃያ ስምንት ክፍል! ሱፐርቫይዘራችን እስከ ዛሬ አያውቅም። ያንን ውለታ የረሳሁ ቀን እጄ ይቆረጥ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 12

ጉድ ፈላ። ሰርቨሩ ቆመ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድም ሰው መግባት አልቻለም፣ የገባውም መሥራት አልቻለም። አቶ ዘውዴ ደወሉ።

ማን እንደገባ የሚዘረዝር ትእዛዝ አለ፣ «ሁ» ይባላል፣ በእንግሊዝኛ «ማን» ማለት ነው። ጻፍኩለት። አሥራ አራት ሰው ነው ያለን፤ ዝርዝሩ ሠላሳ ዘጠኝ! ሰዉ ሥራ ሲጨርስ ሳይወጣ ላፕቶፑን ክድን አድርጎ ይተኛል። በማግስቱ እንደገና ይገባል። ሆቴል ቤት እንግዳው ሄዶ «አትረብሹ» የሚለው ካርድ በሩ ላይ እንደቀረ ማለት ነው። ክፍሉ ባዶ ነው፣ ግን ተይዟል።

ማታ ስገባ ከታች ያሉት ጋሽ ዓምደሚካኤል ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይታጠባሉ። ብቻቸውን ናቸው።

«ቫኑ ዛሬ ትንሽ ቆየብኝ» አሉኝ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ማሽኑ ነው።»

«ማሽንስ እኔም አለብኝ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 14

ሳምራዊት ዛሬ በስልክ አስተማረችኝ። እንዳልረሳው እንደ ነገረችኝ ልጻፈው።

«የገደብ ፋይል የሚባል አለ። የበር ዘበኛው የሚያነበው ወረቀት በይው። አንድ ሰው ሲገባ ዘበኛው ያነባል። ለዲስፓቸሮቹ በሙሉ አንድ መስመር ትጽፊያለሽ፦ በአንድ ጊዜ ከሁለት መግቢያ በላይ የለም። ሌላ መስመር፦ አንዱ ሰው በውስጥ የሚያስነሳው ሥራ ከዚህ ቁጥር አይለፍ።»

«ሁለተኛው ለምንድን ነው?»

«አንድ እንግዳ ሻወሩን ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ቢተወው የፎቁ ሙቅ ውሃ ምን ይሆናል?»

«ያልቃላ!»

«እንግዲህ።»

ደስ ብሎኝ ሞትኩ። ለካ እኔ ይህንን ሥራ አሥራ ሰባት ዓመት አውቀዋለሁ!

ቀጥላ ግን፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከአንድ ሰው ስም ጎን አንዲት ሰረዝ ብቻ አድርገሽ ሌላ ነገር ሳትጽፊ ከተውሽው፣ ዘበኛው ያንን ሰው ጨርሶ አይቆጥርም። ስንት ጊዜ ቢገባ፣ ስንት ነገር ቢያስነሳ ዝም ነው። ለማንም እንዳታደርጊው።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«ሳታውቂ እንዳታደርጊው።»

ይቺ ልጅ ደረቅ ናት፤ ግን እወዳታለሁ። መስመሮቹን ጻፍኩ። የገቡትን አይነካም፣ አዲስ ለሚገባ ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ አንድ በአንድ እየደወልኩ «ውጡና ግቡ» አልኳቸው። እንደ ድሮዬ በር እያንኳኳሁ!

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 17

ሦስት ቀን እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። ዝርዝሩ ሃያ ምናምን ብቻ። ጋሽ ዓምደሚካኤል ዛሬ በሰዓታቸው ሄዱ፤ በመስኮት አየኋቸው፣ በር ላይ የመራመጃቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሰማያዊ ቦርሳቸውን አቅፈው።

ዲስፓቸሮቹ ግን ሊበሉኝ ነው። ዳጊ፣ ድሮ ካዚኖ ካርታ ያድል የነበረው፣ ደወለና፣ «እትዬ ደሙ፣ ካዚኖ እንኳን አንድ ሰው በሦስት ማሽን ሲጫወት ዝም ይባላል! እኛ በበሽተኛ ሥራ ሁለት?» አለኝ።

«ዳጊዬ፣ ለሁሉም እኩል ነው።»

«እኩልማ እኩል ነው። ቸገረን እንጂ እኩል አይደለም አላልንም።»

ችግሩ እውነት አለው። ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥበት ሰው መስመሩ ሲቋረጥ መግቢያው ውስጥ ሞቶ ይቀራል። ሁለቴ ከተቋረጠበት ሁለቱም ቦታ በሙት ተያዘ፣ እሱ ራሱ ውጭ ቀረ። ያኔ እኔ ጋ ይደውላል፣ የሞተውን እጠርግለታለሁ። ይኸው ነው ሥራው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 18

ብርቄ አምስት ጊዜ ደወለች። አፓርታማዋ ኢንተርኔቱ መናኛ ነው። አምስተኛው ላይ፣ «ደሙ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ በኦክስጂን ያለች ሴትዮ ስልክ ላይ ናት፣ እኔ ደግሞ አንቺን በር ክፈችልኝ እላለሁ» ብላ ድምፅዋ ተሰበረ።

ሌላ ሰው ቢሆን እጠርግና አልፍ ነበር። ብርቄ ናት።

አደረግኳት። ሰረዟን። ከስሟ ጎን፣ ትንሽዬ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት።

«ኧረ ደሙዬ፣ እኔ ለማን እናገራለሁ!»

ለጊዜው ነው። ኢንተርኔቷን እስክትቀይር።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ከዛሬ ጀምሮ ካዚኖውም ምግብ ቤቱም መቶ ሰው በሚይዝበት ሃያ አምስት ብቻ ይግባ ተብሏል። ከተማው ሁሉ እንደኔ ገደብ ፋይል ሆነ! ቤተ ክርስቲያንም ሃምሳ ሰው ብቻ፣ በስልክ ተመዝግቦ። ብርቄ ጎበዝ ናት፣ ስልኩ በተከፈተ ደቂቃ የራሷን፣ የኔን፣ የዳጊን፣ የሌሎች አምስት ሰዎችን ስም አስመዝግባለች። «ሌላው ሰውስ?» ብላት፣ «ሌላውም የሚያስመዘግብለት አያጣም» አለችኝ። ምን ይባላል፣ ደግ ናት።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 3

በጥድፊያ ላይ ነኝ።
ሰርቨሩ ዝግ ዝግ ይላል።
«ሁ» አልኩ። ብርቄ አምስት ቦታ።
ትጉህ ናት። ኢንተርኔቷ ነው የሚቆራርጣት።
ጠረግኩ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 9

ብርቄ ዘጠኝ። ከሌሊቱም ከቀኑም። አንዱ መግቢያ ከሄንደርሰን ነው የሚመስለው፣ እሷ ግን ቤቷ ፍላሚንጎ መንገድ ላይ ነው። ምናልባት እህቷ ቤት ሄዳ ይሆናል። እህቷ ሄንደርሰን አይደለችም እንዴ? ወይስ ሬኖ ናት? ብቻ ጠረግኩ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 12

ሳምራዊት ደወለች። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ እንደ ቀልድ፣ «ገደቡ ይዟል?»

«ግጥም አድርጎ!»

«ከገደቡ ያወጣሽው ሰው የለም አይደል?»

«ኧረ ማንን አወጣለሁ!»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምድጃውን ፈትጌ አጸዳሁት። ንጹሕ ነበር። ለምን እንደፈተግኩት እንጃ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 19

ጋሽ ዓምደሚካኤል ከእጥበት ተመልሰው ደረጃው ላይ ሲያርፉ አገኘኋቸው። እጥበቱ አንዴ ሲያልፍ ውሃው ሳንባ ላይ ይወጣል፣ የእጥበቱ ወንበርም በደቂቃ ነው የሚሰጠው፣ ከዘገዩ ለሌላ ይሰጣል ብለው አስረዱኝ። ውስጤ አዘነና ሾፌሮቹን ነግሬ ከሁሉም በፊት እሳቸውን እንዲወስዱ ላድርግ አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ አይሆንም። ከኔ በፊት ያለችው ሴትዮ ከቦልደር ሲቲ ነው የምትመጣው፣ ሩቅ ናት። ተራዬ ጥሩ ነው።»

«አምስት ደቂቃ እኮ ነው ጋሼ።»

«የኔ አምስት ደቂቃ ከማን ኪስ ይወጣል?»

ኩኪስ ሰጥቻቸው ገባሁ፤ ለካ ጨው ያለበት አይፈቀድላቸውም፣ መለሱልኝ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 26

እንደገና ቆመ። አሥራ አንድ ደቂቃ። አቶ ዘውዴ ራሳቸው ቢሮ መጡ፣ ማስክ አድርገው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ።

«ወይዘሮ ደመቀች፣ ምንድን ነው?»

«ማሽኑ ነው አቶ ዘውዴ። አርጅቷል። ሜሞሪ ይፈልጋል።»

«ይገዛ» አሉ፣ ሌላ ቃል የለም። ይህን ያህል ያምኑኛል።

ሜሞሪውም ቢጨመር አይከፋም እኮ። ውሸት አይደለም። ማሽኑም አርጅቷል።

የገቡትን ሰዎች ዝርዝር ዛሬ አላየሁትም። ጊዜ አጣሁ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 4፣ 2021

ሜሞሪው ገባ። እፎይ።

ዛሬ ብርቄ ጋ ደውዬ ሳለ እሷ ሌላ ስልክ አንስታ እኔን አቆየችኝ፤ ግን ድምፅዋ ይሰማል። «አይዞህ ዳጊ፣ የገና ሌሊት ሺፍት ላይ ከሆንክ ምን አለበት፣ ከመኪናህ ሆነህ በስልክህ ትገባለህ። መስመር ቢቋረጥ በኔ ስም ግባ፣ የኔ አይዘጋም። ፓስወርዴን ለሌሎቹም ሰጥቻቸዋለሁ።»

ወደኔ ስትመለስ «ምን አልሽኝ ደሙዬ?» አለች።

«ምንም። ለበዓሉ ነጭ ልብስሽን አዘጋጀሽ ወይ ልልሽ ነው።»

ነገ እነግራታለሁ። ከበዓሉ በኋላ ይሻላል። ሰውን በበዓል ሰሞን አያስከፉም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 7 — ገና

5:40 ጠዋት። ቢሮ።
ዝርዝሩ ሄዷል። 5:12 ላይ። ሰባ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ።
ጋሽ ዓምደሚካኤል 4:45 ነበሩ።
ብርቄ በታክሲ ሄደች። ምንም ሳትለኝ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ልጻፈው። እንቅልፍ አልመጣልኝም።

ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፤ ብርቄ ባስመዘገበችልኝ ቦታ፣ ከሃምሳዎቹ አንዷ። ስልኬ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቅዳሴው አልቆ ስወጣ አራት ካለፈ ጥቂት ሆኗል። ፓርኪንጉ በመኪና ሞልቷል፤ ቦታ ያላገኘው ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ በድምፅ ማጉያው ነው ያስቀደሰው። አንዳንዱ መኪና ውስጥ የስልክ መብራት ይታያል። ያንን አይቼ ምን እንዳልኩ ልናዘዝ? «የኔ ጎበዞች፣ እያስቀደሱም ሥራቸውን አይተዉም» ብዬ ኮራሁ! ነጠላዬን እያስተካከልኩ!

ስልኬን ስከፍት አሥራ ሦስት ያመለጠ ጥሪ። ዳጊ ከመኪናው ወጥቶ እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ አልሄደም! ዝርዝሩ አልሄደም! መግባትም አልቻልንም!» እኔም በስልኬ ሞከርኩ። ጥቁሩ ስክሪን ዝም። በሩ ጋ እንኳን አያደርስም።

ብርቄ የመፈሰኪያ ምግቧን በሰሃን እንደያዘች መኪናዬ ውስጥ ገባች። «አብሬሽ ልሂድ፣ ብቻሽን አትሂጂ» አለች። ወደ ቻይናታውን በረርን። መኪናው ወጥ ወጥ ይሸታል።

ቢሮ ያለው የሰርቨሩ ኪቦርድ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ፊደል ስመታ እስኪታይ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል። አንድ መስመር እስኪወጣ ደግሞ ስድስት ደቂቃ ጠበቅን። በመጨረሻ የገቡት ሰዎች ዝርዝር መጣ፤ ስክሪኑን ሞልቶ ወረደ፣ ወረደ፣ አላቆምም አለ። ሁሉም አንድ ስም። ብርቅታይት፣ ብርቅታይት፣ ብርቅታይት። ስልሳ አንድ ጊዜ።

ፓርኪንጉ ላይ ሲግናል ደካማ ነው። ስልኩ ሲቋረጥ እንደገና ይገባሉ፣ ሲቋረጥ እንደገና። በራሳቸው ስም ቢሆን ሦስተኛው ላይ ዘበኛው ያቆማቸው ነበር። በሷ ስም ግን ዘበኛው አይቆጥርም። ስልሳ አንድ ክፍት ሻወር፣ ውስጡ ሰው የለም።

«እኔ አይደለሁም» አለች ብርቄ ከኋላዬ።

«ስምሽ ነው።»

«ደሙ፣ እኔ እኮ ለበዓል ብዬ…»

«አውቃለሁ።»

አንድ ትእዛዝ አለ፤ በአንድ ሰው ስም ያለውን ሁሉ ነቅሎ የሚጥል። ስጽፈው ብርቄ እጄን ያዘችኝ። «ቆይ! ማታ ያስገባኋቸው ስድስት በሽተኞች በኔ መስኮት ናቸው፣ ገና አላስቀመጥኳቸውም፣ ይጠፋሉ!»

«ስማቸውን ታስታውሺያለሽ?»

«አራቱን።»

ሰዓቱን አየሁ። 5:04። እጇን ከእጄ አነሳሁና ተጫንኩት።

ማሽኑ ተነፈሰ። ዝርዝሩ ሄደ። አራቱን ብርቄ ከጭንቅላቷ አስገባች፣ ሁለቱን ቀን ላይ ራሳቸው ደውለው እስኪቆጡ አላወቅናቸውም። ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች።

ጋሽ ዓምደሚካኤል ጋ ቫኑ የደረሰው ጠዋት፣ በዚህ አገር ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ወንበራቸው ለሌላ ተሰጥቷል። ነገ ሁለት ሰዓት ከቀትር በኋላ ይምጡ ተባሉ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 8

ሌሊቱን አምቡላንስ ግቢያችን ገባ። ደረጃው ላይ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ጋሽ ዓምደሚካኤልን ተቀምጠው ነው ያወጧቸው፤ ተኝተው መተንፈስ አልቻሉም። ፊታቸው ላይ የኦክስጂን ማስክ። አዩኝ፣ እጃቸውን አነሱ። ሰላም ማለታቸው ነው! በዚያ ሁኔታ ላይ ሰላም አሉኝ!

ሆስፒታል ጠያቂ አያስገባም። በስልክ «ዘመድ ነሽ?» ይሉኛል። ጎረቤት ነኝ። የቫኑን ዝርዝር የምጠብቀው ሰው ነኝ አልልም።

አቶ ዘውዴ ደወሉ። «ዳጊ ሺፍት ላይ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ነበር። አሰናብቼዋለሁ። ሌላስ የማውቀው ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ።

ጻፍኩት እንግዲህ። የለም አልኩ።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 10

ዳጊ አንዲት መልእክት ላከ፦ «እትዬ ደሙ፣ በብርቄ እንደገባሁ ለአቶ ዘውዴ አልነገርኩም። አንቺን እንዳይነካ።»

ሰው ሁሉ ለምን እንዲህ ይደግብኛል? አንዱ ይስደበኝ እንጂ!

ሰረዟ አሁንም እዚያው ናት። ብርቄ ስልክ አታነሳም። ሰረዟን ካነሳሁ የተቀየምኳት ይመስላታል። እንዲህ እያሰብኩ ሦስት ቀን። ጋሽ ዓምደሚካኤል ሆስፒታል፣ ዳጊ ቤቱ፣ እኔ የምጨነቀው ብርቄ እንዳትቀየም!

ሆቴል ቤት በኔ ስም የፈረመች ጊዜ የተጎዳ ሰው አልነበረም። እሷ ብቻ ናት የደከመችው። እኔ የመለስኩላት ግን ከራሴ ጉልበት አይደለም።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 11

ጠዋት ሰረዟን አጠፋሁ። የራሴንም ስም ጨመርኩ፣ ሁለት መግቢያ፣ እንደ ማንም። ከዚያ ሳምራዊት ጋ ደወልኩና ዲሴምበር ላይ እንደዋሸኋት ነገርኳት።

«አውቄ ነበር» አለች።

«እንዴት?»

«ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነበር የመለስሽልኝ።»

ከዚያ ሰመርሊን አቶ ዘውዴ ቤት ሄድኩ። በር ላይ፣ ሁለት ሜትር ተራርቀን፣ ማስክ አድርገን። ከኖቬምበር 18 ጀምሮ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሜሞሪውንም። ዳጊ ያደረገው እኔ የከፈትኩትን በር መግባት ብቻ እንደሆነም። ስጨርስ ጓሮ የሚያጸዳ ሰው ቅጠል መጥረጊያ ማሽኑን እስኪያጠፋ ጠበቁ።

«ሰረዟን ለጓደኛሽ ማስቀመጥሽ ገብቶኛል» አሉ። «እኔም ታክሲ ስነዳ የአገሬን ሰው ያለ ተራው አሳልፌያለሁ። ዓርብ ስጠይቅሽ ‹የለም› ያልሽኝን ግን አልረሳልሽም።»

«ልክ ነዎት።»

«ዳጊ ነገ ይመለሳል፤ ሺፍት ጥሎ ለመሄዱ ከኔ ጋር ይነጋገራል። የአንቺ ሙከራ ሦስት ወር ይጨመርበታል፤ ጃንዋሪ አያልቅም። አሁን ደውለሽ ለልጁ ንገሪው፤ እኔ አልነግርልሽም።»

መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩለት። ዳጊም፣ «እትዬ፣ ካዚኖ ቢሆን እኮ ካሜራ ነበረ፣ ሦስት ቀን አይፈጅም ነበር» አለኝ። ሳቁ ግን የድሮው አልነበረም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 14

ጋሽ ዓምደሚካኤል ትናንት ማታ ተመለሱ። ከስተዋል። በራቸው ላይ፣ እሳቸው ከውስጥ እኔ ከውጭ።

«ገና ጠዋት ቫኑ ሲቀር ለምን አልደወሉም ጋሼ? ከአራት ተኩል ጀምሮ በዚያ ብርድ!»

«ልጆቹ ቅዳሴ ላይ ይሆናሉ አልኩ። ዓመት በዓል ነው፣ ምን አስረብሻቸዋለሁ።»

አልቻልኩም። «ቫኑን ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ስለ ገደቡ፣ ስለ ሰረዟ፣ ስለ ብርቄ፣ እንደሚገባቸው አድርጌ ነገርኳቸው። «አይዞሽ» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉኝም። ማስኩን ከአፍንጫቸው ዝቅ አድርገው ትንሽ ተነፈሱ።

«ያቺ ሰረዝ አሁን አለች?»

«የለችም።»

«የማንም?»

«የማንም፣ የኔም።»

«እንግዲያስ ቅዳሜ በሰዓቴ በር ላይ ነኝ» ብለው በሩን ዘጉ። ቀስ ብለው ነው የዘጉት።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 19 — ጥምቀት

ሥራ። ማንም ከመኪናው አልገባም። ሺፍት ላይ የነበሩት ቤታቸው ቀሩ።
ብርቄ ሁለት ቦታ። ከሁለት አላለፈችም።
ስልክ አታነሳም። አሥራ ሁለት ቀን።
ሰሃኗን አጥቤ ቢሮ አስቀምጫለሁ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 2

ዛሬ ዝርዝሩ ሲሄድ ነቅቼ ጠበቅኩት፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ልማዴ ሆኗል። 4:00፣ ሄደ። ሻይ አፍልቼ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ጋሽ ዓምደሚካኤል ከታች ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ሰማያዊ ቦርሳቸውን አቅፈው።

4:31 ላይ ስልኬ ጮኸ። ብርቄ!

«ደሙ።» ድምፅዋ ደረቅ ነው፣ የሥራ ድምፅ። «ሁለተኛው መስኮቴ አላስገባም አለኝ። መግቢያ ሞልቷል ይላል።»

«ስንት ቦታ ገብተሻል?»

«እኔ ምን አውቄ። መስመሩ ሲቋረጥ ነበር።»

የገቡትን ዝርዝር አየሁ። ስሟ ሁለት ጊዜ አለ፤ አንዱ ሞቷል። ልጠርግላት ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ነው። ይህ የሥራዬ ነው፣ ለማንም የማደርገው። ከዚያ ሌላ ነገር ትጠይቀኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ። እንቢ ማለት ሊኖርብኝ ነው ብዬ።

«የሞተውን ጠረግኩልሽ። አሁን ሞክሪ።»

የኪቦርዷ ድምፅ ይሰማኛል። ኢንተርኔቷን አልቀየረችም ማለት ነው። እንደገናም ይቋረጥባታል፤ ዛሬም፣ ነገም።

«ደሙ።»

«እ?»

«እንደገና ቢቋረጥብኝስ?»

«ደውይልኝ። አምስት ጊዜም ይሁን፣ አሥር ጊዜም ይሁን፣ ደውይ። እጠርግልሻለሁ።»

ብርቄ አፍንጫዋን ሳበች።

«ገባሁ» አለች።

ስክሪኔ ላይ ስሟ ሁለት ጊዜ ቆሟል፣ ሁለቱም ሕያው። ከታች ቫኑ መጣ፣ መብራቱ ግድግዳዬ ላይ ዞረ። 4:44። የጋሽ ዓምደሚካኤል ወንበር ሲታጠፍ፣ ከዚያ የቫኑ በር ሲዘጋ ሰማሁ።